ጄትሮ ተል፦ ዘርን ከብተና ወደ መስመር ያመጣው ገበሬ

ጄትሮ ተል እ.ኤ.አ. በ1674 በእንግሊዝ አገር፣ በበርክሻየር አውራጃ፣ ባሲልደን በተባለ መንደር ተወለደ። በኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ ሕግ አጥንቶ በ1699 ለጥብቅና በቃ። ይሁንና ጤናው ደካማ ስለነበረ ፊቱን ወደ እርሻ መለሰ።

በዚያን ዘመን ዘር የሚዘራው በብተና ነበር። አንዱ ቦታ ሲታፈን ሌላው ይሳሳል፤ ላይ የቀረውን ዘር ወፍ ይለቅመዋል፤ በሰብሉ መካከል ገብቶ ለመኮትኮትም አይመችም። ተል ሠራተኞቹ በእጃቸው በመስመር እንዲዘሩ ቢያዝም ሥራው አድካሚ በመሆኑ አልተቀበሉትም። ስለዚህ የኦርጋን የሙዚቃ መሣሪያን አሠራር መነሻ በማድረግ በ1701 አካባቢ በፈረስ የሚጎተት መዝሪያ ሠራ። መሣሪያው ቦይ እየከፈተ ዘሩን በልክ ያወርዳል፤ መልሶም አፈር ያለብሰዋል።

በኋላም ለጤናው ሲል ወደ ፈረንሳይና ጣሊያን ተጓዘ። በዚያም በወይን ተክል መስመሮች መካከል አፈሩ እየተኮተኮተ ሲለሰልስ ተመለከተ። አገሩ ሲመለስ ሐንገርፎርድ አጠገብ በነበረው እርሻው ላይ በፈረስ የሚጎተት መኮትኮቻ ተጠቀመ፤ አሠራሩንም በ1731 በመጽሐፍ አሳተመ።

ተል የተሳሳተበት ጉዳይም አለ። ሰብል የሚመገበው የደቀቀ አፈር ነው ብሎ ስላመነ ፍግ አያስፈልግም ይል ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ኩትኳቶው የጠቀመው አረሙን በማጥፋቱና አፈሩን በማለስለሱ እንጂ የማዳበሪያን ቦታ በመተካቱ አይደለም።

ተል በ1741 ሲሞት መሣሪያውን የያዙት ገበሬዎች ጥቂት ነበሩ፤ ውድ ነበር፣ ቶሎም ይሰበር ነበር። በስፋት የተሠራበት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጠንካራ የብረት መዝሪያዎች በፋብሪካ መመረት ሲጀምሩ ነው። ሰብል ማፈራረቅ፣ ክሎቨር የተባለው የመኖ ተክልና ፍግ ሲታከሉበት የእንግሊዝ የስንዴ ምርት አደገ።

ከዚህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአመራሮች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። በአገራችንም ጤፍን በእጅ በመስመር መዝራት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ገበሬው ወደ ብተና ቢመለስ ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም፤ የቸገረው ጉልበት ነው። መፍትሔው ምክርን መደጋገም ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ማቅረብ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን የማይገዛውን መዝሪያ አባላት በጋራ ገዝተው በተራ ሊገለገሉበት ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!