በሁለት ባንዲራ ስር የዘመተው ፈረሰኛ

አጎቴ ከሀገር ቤት ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ ቨርጂኒያ የሚገኘውን የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር አሳየኋቸው። እሳቸው የቀድሞው ጦር መኮንን ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ማዕረጋቸውም አብሮ ቀረ። ከአንድ ረጅም ሐውልት ፊት ቆመን፣ እዚያ የተቀበረው ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው የደቡብ ወገን ጄኔራል መሆኑን ስነግራቸው፣ ታዲያ አሸናፊው መሬት ላይ ማን ቀበረው ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ስላልለቀቀኝ የሰውየውን ታሪክ አገላበጥኩ። እነሆ ለአንባቢያን።

ጆሴፍ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1836 በጆርጂያ፣ ኦገስታ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተምሮ በ1859 ተመረቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደቡቦቹ ባርነትን ላለመልቀቅ ሲገነጠሉ፣ የማለለትን ጦር ትቶ ከእነሱ ጋር ወገነ። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ቢሆንም በውጊያ ደፋር ነበር። ፈረሰኛ ጦር እየመራ በ26 ዓመቱ ሜጀር ጄኔራል ሆነ።

በ1864 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ጆርጂያን እያቃጠለ ወደ ባሕር ሲገሰግስ፣ ከኋላው እየተከተለ ሲነክሰው የነበረው የዊለር ፈረሰኛ ነው። ከሸርማን ጦር ጀርባ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ በርካታ ጥቁሮች ሕፃናት አዝለው ይከተሉ ነበር። በዲሴምበር ወር ኤቤኔዘር ከሚባል ወንዝ ሲደርሱ፣ አንድ የሰሜን ጄኔራል ወታደሮቹን አሻግሮ ሲያበቃ ተንሳፋፊውን ድልድይ አስነሳባቸው። ከፊት ውኃ፣ ከኋላ የዊለር ፈረሰኞች! ብዙዎቹ ወንዙ ውስጥ ገብተው ሰጠሙ፤ ሌሎችም ተይዘው ወደ ባርነት ተመለሱ። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን ንጹሕ እጅ የነበረው አልነበረም።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ዊለር ተማርኮ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ አላባማ ገብቶ ጥጥ አምራችና ጠበቃ ሆነ። በ1880 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረ፤ አሸነፈ ተብሎ ቢገባም ተቀናቃኙ ውጤቱን ተቃውሞ በ1882 ወንበሩን አስለቀቀው። ያ ተቀናቃኝ ብዙም ሳይቆይ ሞተና ዊለር ለጥቂት ወራት ተተካ። ከ1885 ጀምሮ ግን እስከ 1900 ድረስ በምክር ቤቱ ቆየ።

በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ስትዋጋ፣ ራሳቸው በሰሜን ወገን የተዋጉት ፕሬዚዳንት ማኪንሊ የ61 ዓመቱን ዊለርን ሜጀር ጄኔራል አድርገው ሾሙት። ደቡብና ሰሜን መታረቃቸው እንዲታይ ነበር። ኩባ ውስጥ በላስ ጓሲማስ ውጊያ፣ ስፔኖቹ ሲሸሹ በሞቀ ስሜት ያንኪዎቹ ሸሹ ብሎ ጮኸ ይባላል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ከሚያዛቸው ክፍሎች መካከል 9ኛውና 10ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። በ1864 ያባረራቸው ሰዎች ወገኖች፣ በ1898 በእሱ ትእዛዝ ስር ሆነው ደማቸውን አፈሰሱ።

ዊለር ከዚያም ፊሊፒንስ ዘምቶ በ1900 ጡረታ ወጣ። በ1906 ብሩክሊን ውስጥ አርፎ አርሊንግተን ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አጫወትኳቸው። ለተሸናፊ ወታደር መቃብር አለመንፈጋቸውን ወደዱላቸው። ትንሽ ዝም ብለው ግን፣ ወንዝ ውስጥ የቀሩትስ የት ተቀበሩ ሲሉ ጠየቁኝ። የአብዛኞቹ ስም እንኳ እንዳልተመዘገበ ነገርኳቸው። ጄኔራሎቹ ተቃቅፈው ታርቀዋል፤ ሐውልቱም ቆሟል። የእነዚያን ድርሻ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እርቅ ሲባል የተበደለው ካልተጠራ፣ ሽማግሌ የሌለበት ድግስ ነው ብለው ስልኩን ዘጉ።