ትምህርት አቋርጦ ትምህርት ቤት ያሠራው ሰው

ኮዳክ የሚባለውን ካሜራ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ባለቤቱ ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1854 በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት፣ እናቱን ለመርዳት በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ በሳምንት 3 ዶላር ተላላኪ ሆነ። እኛ በዚያ ዕድሜ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርን! በ1888 ያወጣው ካሜራ ሀብታም አደረገው።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ሙዚቀኛ ሳይሆን ሙዚቃ ወዳጅ ነበር፤ ቁርሱን እንኳ ቤቱ ያስተከለው ኦርጋን እየተመታለት ነበር የሚበላው። ታዲያ ይህን ደስታ ለብቻው አልያዘውም። በሚኖርበት በሮቼስተር ከተማ በ1921 የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በዓመቱም ከ3,000 ሰው በላይ የሚይዝ ቴአትር ቤት ከፈተ። ድምፅ አልባው ፊልም ሳይቀር በኦርኬስትራ ታጅቦ ይታይበት ነበር።

በ1932 ግን የአከርካሪ ሕመም ቢጠናበት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ያሳዝናል። ኩባንያው በ2012 ከስሮ ፍርድ ቤት ቢቀርብም፣ አዳራሹ ዛሬም ኮንሰርት ይሰማበታል።