ቅዱስ ያሬድ ሰነፍ ተማሪ ነበር እንዴ?

የያሬድንና የትሏን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ፈተና ሲደርስ መምህራን ይነግሩናል፣ ቴሌግራም ላይም በየጊዜው ይዞራል። መልእክቱ ሁሌም አንድ ነው፦ ተስፋ አትቁረጡ። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ትምህርቱ የተሰጠበት መንገድ?

እስኪ ሕይወቱን ከመጀመሪያው እንየው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. አክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ዘመዷ ለጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን መዝሙረ ዳዊት ያስተምረው ጀመር፤ ልጁ ግን አልያዝልህ አለው። እኩዮቹ እያለፉት ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ። ሳቁበት፤ መምህሩም ገረፈው። ሲብስበት ጥሎ ጠፋ።

ማይ ኪራሕ ሲደርስ ዛፍ ስር አረፈ። አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድ ይህን አይቶ ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጸለየ፤ ትምህርቱም ተገለጠለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች አወጣ። ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ሲዘምር አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ጦራቸው የያሬድን እግር እንደወጋውና ሁለቱም እንዳላወቁት ይተረካል። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ እያስተማረ ኖረ፤ የተሰወረበት ግንቦት 11 ዛሬም ይከበራል።

የተገለጠለት በጸጋ ነው ለሚለው እምነት ክብር አለኝ። የኔ ጥያቄ ስለ ክፍሉ ነው። ያን ሁሉ ዜማ የተሸከመ ጆሮ ያለው ልጅ ደደብ ሊሆን አይችልም። የተሰጠው ግን አንድ በር ብቻ ነበር፤ በዚያ መግባት ሲያቅተው አለንጋ ጠበቀው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ናሙና ላይ የጎደሉትን ጠይቁ ይሉን ነበር። እዚህም እንጠይቅ። ከትምህርት ቤት ከጠፉት ልጆች ውስጥ ታሪኩን የምናውቀው የተመለሰውን ነው። ዛፍ ስር ተቀምጠው ትል ያላዩት፣ በዚያው የቀሩት ልጆች ገድል የላቸውም። ስለዚህ ከታሪኩ ጽናትን ብቻ ከወሰድን ሥራውን ሁሉ ልጁ ላይ ጥለን ክፍሉን በነጻ እናሰናብታለን።

የሚገርመው በያሬድ ዜማ ዙሪያ የተሠራው ትምህርት ብዙ በር አለው። ዜማው ለዘመናት በጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ቆይቶ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠሩለት፤ ከዚያ ወዲህ በዓይንም ይያዛል። በመቋሚያና በጸናጽል ደግሞ በእጅና በእግር ይያዛል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ብላችሁ የአብነት ትምህርት ቤት ብታዩ፣ አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ እያንዳንዱን በደረጃው ይሰሙታል፣ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ሲመሽ የቃል ትምህርት ይቀጥላል፤ በጨለማ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ማየት የተሳነው ልጅ ለብቻው ክፍል ሳይሠራለት መማር የሚችለው ለዚህ ነው። አለንጋውና ልመናው ይቅርና ይሄ አሠራር ግን ብዙ ያስተምረናል።

ዛሬ አካቶ ትምህርት የምንለው ነገር ልቡ እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ሠርቶ በኋላ ለዊልቸር መውጫ ማፍረስ ከመጀመሪያው አብሮ ከመሥራት ይበልጥ ያስወጣል። ትምህርትም እንደዚያው ነው። መምህሩ ነገ የሚያስተምረውን ማታ ሲያዘጋጅ ሦስት ነገር ቢያስብ ብዙ ይቀየራል፦ ይህን በጆሮ፣ በዓይንና በእጅ እንዴት ላድርሰው? ተማሪው መረዳቱን ከጽሑፍ ሌላ በምን ሊያሳየኝ ይችላል? ማን ከማን ጋር ቢቀመጥ ይረዳዳል? ለዚህ ታብሌት አያስፈልግም። ክፍሉ በተማሪ ሲጨናነቅ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን ተማሪን በተማሪ ማስተማር የሚረዳው ይበልጥ እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

እና በሚቀጥለው ጊዜ የትሏ ታሪክ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ለወንድምና ለእህቶቻችሁ አጋሩላቸው፤ ጽናት ጥሩ ነው። ለምታውቁት መምህር ስትልኩት ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ያሬድ ነገ አንተ ክፍል ቢመጣ የሚገባበት በር አለ?