ጋሪ ጋይጋክስ፦ የሚና ጨዋታ ደራሲነትና የአሳታሚነት ዕጣ

የሚና ጨዋታ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው በቃል የሚያካሂዱት፣ የድርጊታቸውም ውጤት በዳይስና በተጻፈ ደንብ የሚወሰን ጨዋታ ነው። በዚህ ዘርፍ በቀዳሚነት ለገበያ የቀረበው በ1974 የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ ከሁለቱ ደራሲያኑ አንዱ አሜሪካዊው ጋሪ ጋይጋክስ ነበር። ይህ ጽሑፍ የጋይጋክስን የሕይወት ታሪክ መነሻ በማድረግ በደራሲነትና በባለቤትነት መካከል ያለውን ልዩነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጋይጋክስ በ1938 በቺካጎ ከተማ ከስዊዘርላንዳዊ ስደተኛ አባት ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ በዊስኮንሲን ግዛት ወደምትገኘው ሌክ ጄኔቫ ተዛወረ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ አቋርጦ በኢንሹራንስ ድርጅት ተቀጠረ፤ ትርፍ ጊዜውን ግን በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች አዋለው። በ1968 የዘርፉን ወዳጆች የሚያሰባስበውን ዓመታዊ ጉባኤ «ጄን ኮን»ን በሌክ ጄኔቫ መሠረተ። በ1971 ደግሞ ከጄፍ ፔረን ጋር የጻፈው «ቼይንሜይል» የተሰኘ የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ደንብ ታተመ።

በሚኒሶታ ይኖር የነበረው ዴቭ አርነሰን ይህን ደንብ ወስዶ ቅርጹን ለወጠው። በእርሱ ጨዋታ ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ብቻ ይወክላል፤ ያም ሰው ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው እየተሻገረ ልምድ ያካብታል። ጋይጋክስ የአርነሰንን ጨዋታ ካየ በኋላ፣ በማስታወሻ ደረጃ የነበረውን ሐሳብ አስፋፍቶ ሌሎች አንብበው ሊጫወቱት ወደሚችሉት ደንብ ለወጠው። ፈጠራው የጋራ ቢሆንም የጽሑፉ አብዛኛው ድካም የጋይጋክስ ነበር።

ቀጣዩ ፈተና ኅትመቱ ነበር። ጋይጋክስ በ1970 ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናብቶ ጫማ በመጠገን ቤተሰቡን ያስተዳድር ስለነበር ለማሳተሚያ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። በ1973 ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር «ታክቲካል ስተዲስ ሩልስ» የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ብራያን ብሉም ተጨማሪ ገንዘብ ይዞ ሲገባም ሦስት ቡክሌቶችን የያዘው ሣጥን በ1,000 ቅጂ ታተመ። ሣጥኖቹ በእጅ ተሰናድተው በአንድ ዓመት ገደማ ተሸጠው አለቁ።

ይሁን እንጂ ኬይ በ1975 መጀመሪያ በድንገት አረፈ። ኩባንያው እንደገና ሲደራጅ የብሉም ቤተሰብ አብላጫውን አክሲዮን ያዘ፤ ጋይጋክስም በራሱ ሥራ ላይ በቆመው ድርጅት ውስጥ አነስተኛ ባለድርሻ ሆነ። በ1979 አርነሰን የደራሲነት ክፍያው እንዲከበርለት ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩም በ1981 በስምምነት ተቋጨ። በ1985 የብሉም ቤተሰብ አክሲዮኑን ለሎሬን ዊሊያምስ ሲሸጥ ጋይጋክስ ሽያጩን በፍርድ ቤት ቢቃወምም አልተሳካለትም፤ በቀጣዩም ዓመት ኩባንያውን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጨዋታዎችን ቢያሳትምም የመጀመሪያውን ያህል የገነነ አልነበረም። ጋይጋክስ በ2008 በ69 ዓመቱ በሌክ ጄኔቫ አረፈ።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ እንደምንረዳው፣ ለማሳተሚያ የተገኘው ገንዘብ ጨዋታውን ለሕዝብ ሲያበቃ፣ ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ደግሞ ባለቤትነቱን ከደራሲው እጅ አውጥቷል። በመሆኑም የጋይጋክስ ታሪክ ለአዲስ ጨዋታ ቀራጮች የሚያስገነዝበው ቁም ነገር፣ የደራሲያን ድርሻና የአክሲዮን ክፍፍል ከመጀመሪያው ቅጂ ኅትመት በፊት በግልጽ ውል ሊታሰር የሚገባው መሆኑን ነው።