ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፦ በቀኝ ተወልደው ወደ ግራ ያዘነበሉ መስፍን

ግራና ቀኝ የተባሉት የፖለቲካ ቃላት የትውልድ ስፍራቸው ፈረንሳይ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1789 የተሰበሰበው ብሔራዊ ሸንጎ፣ ንጉሡ የሸንጎውን ሕግ የማገድ ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው በሚለው ጉዳይ ሲከራከር፣ የንጉሡ ደጋፊዎች ከሊቀ መንበሩ በስተቀኝ፣ ተቃዋሚዎቹ በስተግራ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ሲባል ነባሩን ሥርዓት፣ ማዕርግንና ሀብትን መጠበቅ፣ ግራ ሲባል ደግሞ ስለ እኩልነት ሥርዓቱን መለወጥ ማለት ሆነ።

በአገራችን ግን ቃላቱ ቀደም ሲል ሌላ ፍቺ ነበራቸው። ቀኛዝማች የቀኝ ክንፍ፣ ግራዝማች የግራ ክንፍ የጦር አዛዥ ነው። ሁለቱም የሚዘምቱት ለአንድ ንጉሥ ነው፤ ሁለቱም ለአገልግሎታቸው የሚቀበሉት መሬትና ገባር ነው። ከ1890 ዓ.ም. ወዲህ በከፋ፣ በጊሚራና በማጂ ሕዝብ ላይ የገባርነት ሥርዓት በተጫነ ጊዜ፣ ለገባሩ በግራዝማችና በቀኛዝማች መካከል የነበረው ልዩነት የስም ብቻ ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ የግራና የቀኝ ጥያቄ በምክር ቤት ወንበር ሳይሆን በመሬት ላይ የተነሣ ጥያቄ ነው። ይህንንም ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው።

እምሩ በኅዳር 1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቅርብ ዘመድ በመሆናቸው በራስ መኰንን ቤት ከተፈሪ ጋር አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። በሐረርና በወሎ በአገር አስተዳዳሪነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከጎጃም ሲሻሩ በምትካቸው ተሾሙ። በትውልድም ሆነ በሹመት ከዙፋኑ በስተቀኝ ከሚቆሙት የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።

የጣሊያን ወረራ ሲጀመር የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታህሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉይና የጠላትን ታንኮች የማረከው ጦር የእርሳቸው ነበር። በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ እንደራሴነቱ ለራስ እምሩ ተሰጠ፤ መንግሥቱም ወደ ጎሬ ተዛወረ። በምዕራብ የነበሩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና ሌሎች ወጣት ምሁራን የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው ራስ እምሩን መሪያቸው አደረጓቸው። የማኅበሩ ደንብ ወታደሩ ለሲቪሉ አመራር እንዲገዛና ምርኮኛ እንዳይንገላታ ያዝዝ ነበር። አንድ የመሳፍንት ወገን ሰው በማዕርግ ሳይሆን በተጻፈ ደንብ በተሳሰሩ ወጣቶች መካከል መቆማቸው በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር።

ጎሬ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ጦሩ ስንቅና ጥይት እያለቀበት፣ ደን በለበሰው በቡናው አገር ወደ ደቡብ አፈገፈገ። በታህሣሥ 1929 ዓ.ም. ከፋን ከጅማ በሚለየው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበበ፤ ራስ እምሩም እጃቸውን ሰጡ። እርሳቸው ወደ ጣሊያን ተወስደው በጶንዛ ደሴት ታሰሩ። ከተማረኩት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ግን በየካቲት 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በጥይት ተደበደቡ። ማዕርግ ለመስፍኑ ሕይወቱን ሲያተርፍለት ደንብ የጻፉት ወጣቶች አለቁ።

ከጦርነቱ በኋላ ራስ እምሩ በአሜሪካ፣ በህንድና በሶቭየት ኅብረት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሠሩ። የግል መሬታቸውን ለሚያርሱት ጭሰኞች በማከፋፈላቸውም ቀዩ ራስ የሚል ቅጽል ወጣላቸው። የዚህ ተግባር ክብደት የሚታወቀው በዚያው ዘመን በደቡብ ምዕራብ ይደረግ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር፣ ትናንት ጫካ ተብሎ የተናቀው መሬት ለባለሥልጣናትና ለባለ ርስቶች በስጦታ ታደለ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከከፋ ቡና የሚሰበስበው ባለ መሬት በዛ፤ ጭሰኛው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን መክፈል፣ አለዚያም መልቀቅ ግድ ሆነበት።

በታህሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው በሬዲዮ ያስታወቁት ራስ እምሩን ነበር። አመፁ በቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ራስ እምሩ ግን አልተቀጡም። ለውጥ ፈላጊዎቹ ስማቸውን ቢመርጡም፣ እርሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ያስተሳሰራቸውን የአብሮ አደግነት ገመድ ከቶ አልበጠሱም። የልግስናቸው ወሰንም እዚሁ ላይ ነው፤ የራሳቸውን መሬት ሰጡ፣ የሌላውን ባለ ርስት መሬት የሚነካ ሕግ ግን በእጃቸው አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ አደባባይ የወጡትም የአንድ ሰው ቸርነት ሕግን ሊተካ ስለማይችል ነው።

ሕጉ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብን ይዞታ በ10 ሔክታር ወሰነ። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡና ለቃሚው ለባለ መሬት መገበሩ ቀረ። ሰፋፊዎቹ የቡና እርሻዎች ግን ለአራሹ አልተከፋፈሉም፤ ቴፒና በበቃ የመንግሥት እርሻዎች ሆኑ፤ በ2000ዎቹ ዓመታትም ወደ ግል ኩባንያ ተላለፉ። በከተማ ደግሞ ሁሉም ወገን ራሱን ግራ ብሎ ሲጠራ፣ ቀኝ የባላንጣ መክሰሻ ስም ሆነ። ራሱ የሶሻሊዝም ድርጅት የነበረው መኢሶን ከደርግ በተለየ ጊዜ ቀኝ መንገደኛ ተብሎ ተወነጀለ፤ በእነዚህ ስሞች ሰበብ የረገፈው ወጣት ብዙ ነው።

ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ሚካኤል እምሩ በ1966 ክረምት የዘውዱ ዘመን የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። አባትዬው በንግግር ግራ ነኝ ባዮች ከነበሩት ወገን አልነበሩም፤ ሚዛናቸው መሬታቸውን ለማን ተዉት የሚለው ነው። በቡናው አገርም ግራና ቀኝ ትርጉም የሚያገኙት መሬቱን የሚያዝዘው ማነው፣ ከለቀማው ዋጋ ለለቃሚው የሚደርሰው ምን ያህል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ባለ ርስቱም፣ መንግሥትም፣ ኩባንያውም በየተራቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገባቸው ሆነዋል።