አየሩን በገዛ ሳንባው የፈተነው ሐኪም

ክረምት ሲገባ ሌሊቱ ይበርዳል። መጠለያው ያፈሳል፣ ልጆች ይንቀጠቀጣሉ፣ እራት የበሰለበት ከሰል ደግሞ ገና አልጠፋም። ጭሱ አልፎ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ አሁንማ ምን ያደርጋል ተብሎ ማንደጃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ጠዋት ጎረቤት ቢጣራ መልስ የለም። እንዲህ ያለውን መርዶ በስደትም በአገር ቤትም ስንቴ ሰምተናል?

ገዳዩ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ አይደለም። ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ሰውን እንዴት እንደሚገድል፣ ምን ያህሉ ሲደርስበት ሰው እንደሚወድቅ ለክተው ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ጆን ስኮት ሆልዴን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነበር። ዛሬ በጤና ጣቢያ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ኦክስጅን በሊትር ተለክቶ መሰጠቱም ከእሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆልዴን በ1860 ኤድንብራ ከተማ ውስጥ፣ ስም ካለው ቤተሰብ ተወለደ። እዚያው ሕክምና ተምሮ በ1884 ተመረቀ። እንደ እኩዮቹ ክሊኒክ ከፍቶ ገንዘብ መሥራት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወደ ደንዲ ሄደ። ደንዲ ያኔ የጆንያ ክር ፋብሪካዎች የሞሉባት፣ ሠራተኛው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ሆልዴንና ባልደረቦቹ በሌሊት፣ ሳይታሰቡ፣ የድሆችን በር እያንኳኩ ይገቡና ቤተሰቡ ከተኛበት ክፍል አየር በጠርሙስ ቀድተው ይወጡ ነበር። ቀን ላይ ቢሄዱ ኖሮ እኮ መስኮት ተከፍቶ፣ ቤት ተጠርጎ ነበር የሚጠብቃቸው። ውጤቱን በ1887 አወጡት፦ በአንድ ክፍል ቤቶች ውስጥ ያለው አየር አራትና ከዚያ በላይ ክፍል ካላቸው ቤቶች እጅግ የከፋ ነው፣ የሚሞተውም ሰው ይበልጣል። ተጨናንቆ መኖር ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቁጥር ተጽፎ ባለሥልጣን ፊት መቅረቡ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ዕድሜ ልኩን የሚከታተለውን ጉዳይ ግን ያገኘው ከመሬት በታች፣ በድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ነው። በጥር 1896 በዌልስ፣ ታይለርስታውን በሚባል ቦታ አንድ ጉድጓድ ፈንድቶ 57 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ሰው ፍንዳታው ገደላቸው ብሎ ነበር። ሆልዴን ግን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሬሳዎቹን መረመረ። ብዙዎቹ ለሞት የሚያበቃ ቃጠሎም ስብራትም አልነበረባቸውም። ቆዳቸው ደግሞ የሬሳ ሳይሆን የጤነኛ ሰው ይመስል ቀላ ያለ ነበር። ደማቸው ሲመረመር በካርቦን ሞኖክሳይድ ተሞልቷል። ከፍንዳታው ተርፈው በኋላ በመጣው ጋዝ ነው ያለቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን ተሸካሚ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢኖርም ቀስ እያለ ቦታውን ሁሉ ይቀማል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሳንባውም ይሠራል፤ ኦክስጅን ግን ለአንጎሉና ለልቡ አይደርስም።

ሆልዴን ይህን የተማረው ከሬሳ ብቻ አልነበረም። ከአደጋው በፊት በቤተ ሙከራው ቁጭ ብሎ ጋዙን ራሱ ተንፍሶታል። በየጊዜው ደሙን እየቀዳ ይመረምራል፣ የሚሰማውንም ይጽፋል። የደሙ ግማሽ ያህል በጋዙ እስኪያዝ ድረስ ቀጠለ። ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ለመራመድ ሲነሳ ይንገዳገዳል። ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ ለእኛ ዋናው ይህ ይመስለኛል፦ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን አያውቀውም። የታፈነ አይመስለውም። ሲነቃበት ደግሞ እግሩ አይታዘዝለትም። በከሰል የተመታ ሰው በሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እያለ ወድቆ የሚገኘው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ማንደጃ ካደረበት ቤት ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰው ወይም የፈዘዘ ሰው ከተገኘ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድና በቤቱ ውስጥ ከሰል እንደነበረ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። ካልተነገረው በመለኪያው ሊታለል ይችላል።

ለማዕድን ሠራተኞቹ ሆልዴን ያመጣው መላ ቀላል ነበር። አይጥ ወይም ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲወርዱ መከረ። ትንሽ እንስሳ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙ ከሰው በፊት ይጥለዋል። ወፏ ከወደቀች ሰው ለመውጣት ጊዜ አለው። በእንግሊዝ ጉድጓዶች ወፎቹ እስከ 1986 ድረስ ሠርተዋል።

ልጁን ጃክንም ከሙከራ አላስቀረውም። ትንሽ ልጅ ሳለ ወደ አንድ ጉድጓድ ይዞት ወረደና ጣሪያው ሥር ቁሞ የሼክስፒርን ንግግር በቃሉ እንዲወጣ አዘዘው። ጣሪያው ሥር ሚቴን የሚባል ጋዝ ተከማችቷል። ልጁ ጥቂት እንዳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ወለሉ ላይ አየሩ ደህና ስለነበር ወዲያው ነቃ። የዛሬ አባት ይህን ቢያደርግ የሚጠየቅ ይመስለኛል። ጃክ ግን ትምህርቱን አልረሳም፤ አድጎ ራሱ ስመ ጥር ሳይንቲስት ሆነ።

በ1905 ሆልዴን ከፕሪስትሊ ጋር ሆኖ፣ ትንፋሻችንን የሚያፋጥነው በዋናነት በደም ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አሳየ። በ1908 ደግሞ ጠላቂዎች ከባሕር ጥልቀት እንዴት በየደረጃው እያረፉ መውጣት እንዳለባቸው የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ። የተሳሳተበትም አለ። ሳንባ በችግር ጊዜ ኦክስጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ይገፋል ብሎ ያምን ነበር። ሌሎች በሙከራ ውድቅ ቢያደርጉበትም እስከ መጨረሻው አለቀቀም። ግትር ሰው ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ጀርመኖች ክሎሪን ጋዝ ለቀቁ። ቢጫና አረንጓዴ ደመና ከነፋሱ ጋር በፈረንሳይ ጦር ላይ ሄደ፤ ከፊት ከነበሩት ብዙዎቹ ከአልጄሪያ የመጡ ወታደሮች ነበሩ። ሆልዴን በቀናት ውስጥ ወደ ግንባሩ ተላከ። ያየው ነገር ከማዕድኑ የተለየ ነው። ክሎሪን ሳንባውን ራሱን ያቆስላል። የቆሰለው ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፣ ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ይሰምጣል። ፊታቸው ጠቁሮ፣ አየር ፍለጋ ቁጭ ብለው የሚታገሉ ወጣቶች ነበሩ። ሆልዴን አስከሬን አይቶ መርዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጠ፤ ከዚያም 55 ዓመት የሞላው ሰውዬ ከልጁና ከባልደረቦቹ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጋዙን እየተነፈሰ ጭንብል መፈተን ጀመረ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ የጀርመን ወዳጅ ነው ተብሎ በጋዜጦች ተወግዞ ከሚኒስትርነቱ ወረደ። አንደኛው ወንድም የጀርመንን ጋዝ ለአገሩ ሲል በሳንባው ይቀምሳል፣ ሌላው በዚያው አገር ከሃዲ ይባላል። ጦርነት ሲመጣ ስም የሚለጠፈው እንዲሁ ነው።

ጭንብሉ ለነገ ነው፤ ዛሬ የተመታውስ? ያን ጊዜ ኦክስጅን የሚሰጠው ፊት አጠገብ በተያዘ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ አብዛኛው ወደ አየር ይበተናል። ሐኪሞችም ለሚሞት ሰው እንደ መጨረሻ ማጽናኛ ነበር የሚያዩት። ሆልዴን ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ግፊት የሚቀንስና በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሄድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ከፊት ጋር የሚገጥም ጭንብልና ከረጢት አድርጎ ሠራ፤ በ1917 አሳተመው። ሐሳቡ ከመሣሪያው ይበልጥ ነበር። ኦክስጅን የቆሰለውን ሳንባ አያድንም። ሳንባው እስኪድን ድረስ ልብና አንጎል እንዳይጎዱ ጊዜ ይገዛል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ሳይሆን ሳይቋረጥ፣ ካስፈለገም ለቀናት መሰጠት አለበት። በልክ ይሁን ያለበትም ምክንያት ነበረው፤ ሲበዛ ራሱ ኦክስጅን ሳንባን ይጎዳል። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍልም መሠረቱ ይኸው ነው፦ አካሉ ራሱን እስኪጠግን ሕይወትን ይዞ ማቆየት።

ሆልዴን በ1934 የእንግሊዝ ሳይንስ ማኅበር ከፍተኛውን ሜዳይ፣ ኮፕሊን፣ ተሸለመ። ሥራ ግን አልተወም። 75 ዓመቱ ሳለ በነዳጅ ማጣሪያዎች ሠራተኞችን የሚጥለውን የሙቀት በሽታ ሊያጠና ወደ ፋርስና ኢራቅ ሄደ። ከዚያ እንደተመለሰ በሳንባ ምች ታሞ መጋቢት 14 ቀን 1936 እኩለ ሌሊት ላይ ኦክስፎርድ ውስጥ ሞተ።

በእነዚያው ሳምንታት የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ኢትዮጵያ ጭንብል በሌለው ሠራዊትና በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር፤ ጣሊያን እንዲህ ያለ ጋዝ እንዳይጣል የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ። ቆዳንም ሳንባንም የሚያቃጥለውን ያንን ጋዝ ጣሊያኖቹ ኢፕሪት ይሉታል። ስሙ የመጣው ሆልዴን ያያቸው ወታደሮች በ1915 አጠገቧ ከታፈኑባት ከኢፕር ነው።