የወይን አትክልተኛው ድሜጥሮስና 532

ጾም የሚገባበትንና ፋሲካ የሚውልበትን ቀን በየዓመቱ ከግድግዳ ካሌንደር ላይ እናነባለን። ቀኑ በምን ሒሳብ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና የሚገዛኝ ነገር ምክንያቱ ሲሰወርብኝ አይዋጥልኝም። ስቅለትና ፋሲካ ደግሞ በአገራችን ሕግ የሕዝብ በዓላት ናቸው። ስቅለት ሲሆን ፍርድ ቤት ይዘጋል፤ የአሰንዳቦ ሙስሊም ቡና ነጋዴም ባንኩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሒሳቡ በስማቸው ስለሚጠራው ስለ እስክንድርያው ድሜጥሮስ ላውጋችሁ።

ድሜጥሮስ በግብፅ የወይን አትክልተኛ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው ፊደል አልቆጠሩም፤ ባለትዳር ቢሆኑም ከሚስታቸው ጋር በድንግልና ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ያለ ወቅቱ ያፈራ የወይን ዘለላ አግኝተው ሊሞቱ ለተቃረቡት ለፓትርያርክ ዩልያኖስ ይዘው ሄዱ። ዘለላውን ያመጣው ሰው ተተኪ እንደሚሆን አስቀድሞ ለፓትርያርኩ ተነግሯቸው ነበርና፣ ገበሬው በ189 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) 12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሆኑ።

ባለሚስት እንዴት ይሾማል ብሎ ሕዝቡ ቢያጉረመርም፣ ፍም በልብሳቸው ታቅፈው ሳይቃጠሉ ንጽሕናቸውን አስመሰከሩ ይባላል። ወጣቱን ኦሪገንን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት አለቃ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በኋላ ያለ ፈቃዳቸው በሌላ አገር ቅስና ሲቀበል የተጣሉትም እሳቸው ናቸው። 43 ዓመት ያህል መርተው ዐረፉ፤ ጥቅምት 12 ይታሰባሉ።

ባሕረ ሐሳብ የተገለጠው ለእኚሁ ሰው ነው ይባላል። ሒሳቡ በሁለት ዑደቶች ላይ ይቆማል። ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። 7ቱ የሳምንት ቀናት በ4ቱ ወንጌላውያን ዓመታት ሲባዙ ደግሞ 28 ይሆናሉ። 19 ጊዜ 28 ደግሞ 532 ነው፤ ዐውደ ቀመር የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለቱ ለምን ተባዙ? ወደ አሰንዳቦ ልመለስና በቡና ችግኝ ላሳያችሁ። 24 ችግኝ የያዘ ገበሬ በእኩል መደዳ ለመትከል 2 በ12፣ 3 በ8 ወይም 4 በ6 ብሎ መምረጥ ይችላል። 19 ከያዘ ግን አንድ ረጅም መደዳ ብቻ ነው የሚወጣለት፤ 19 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውምና። ስለዚህ ከ28 ጋር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለ ሁለቱ ዑደቶች እኩል የሚገጥሙት 532 ዓመት ሲሞላ ነው። በ19 ፈንታ 20 ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ለ4 ስለሚካፈሉ በ140 ዓመት ይገናኙ ነበር።

አበቅቴና መጥቅዕም ጥንድ ናቸው። የዓመቱ ወንበር በ11 ሲባዛና በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ሲባዛ ደግሞ መጥቅዕ ነው። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው። 132 በ30 ሲገደፍ 12፣ 228 ደግሞ 18 ይተርፋል። ድምራቸው 30 ነው፤ በየዓመቱም እንዲሁ ነው፤ 11ና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና።

የታሪክ ጸሐፊዎች የ532ቱን ዑደት ያደራጀው ከድሜጥሮስ 200 ዓመት ገደማ በኋላ የኖረው መነኩሴ አኒያኖስ ነው ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ የድሜጥሮስን ክብር አይቀንስም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ልጆቻችን የማባዛት ሠንጠረዥ በቃላቸው ይወጣሉ፤ ሠንጠረዡ ግን በዓላቸውን ሲያወጣ አያዩም። ፊደል ሳይቆጥሩ ተሾሙ በሚባሉት ሰው ስም የሚጠራ ሒሳብ የጥቂት ሊቃውንት ምሥጢር ሆኖ መቅረት የለበትም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ማንኛውም ተማሪ ካሌንደሩን ራሱ ሊመረምረው ይችላል።